«አንብባ መልስ አልጻፈችም» ለምን ተጣለ?

ጥያቄ፦ ለሰዋስው ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። አንድ መለማመጃ ላይ «ሰላም ደብዳቤውን አነበበች። መልስ አልጻፈችም።» የሚሉ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ተሰጥተው፣ ሐሳባቸው ሳይለወጥ በትክክል ያጣመራቸውን ምረጡ ይላል። አማራጮቹ እነዚህ ናቸው፦
ሀ. ሰላም ደብዳቤውን አንብባ መልስ አልጻፈችም።
ለ. ሰላም ደብዳቤውን ስላነበበች መልስ አልጻፈችም።
ሐ. ሰላም ደብዳቤውን ብታነብም መልስ አልጻፈችም።
መ. ሰላም መልስ ሳትጽፍ ደብዳቤውን አነበበች።
እኔ ሀን መረጥኩ፤ መልሱ ግን ሐ ነው ተባለ። ሀ ጆሮዬን ምንም አይጎረብጠውም። ስሕተቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ጆሮዎ አልዋሸዎትም። ሀ ደንበኛ አማርኛ ነው፤ በየዕለቱ የምንናገረው ነው። የወደቀው በትርጉሙ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ አይልምና።

ቀስ ብለው ያንብቡት። አንደኛው ትርጉም እርስዎ የያዙት ነው፦ ደብዳቤውን አነበበች፣ መልስ ግን አልጻፈችም። ሁለተኛው ግን ማንበቡንም መጻፉንም አንድ ላይ ይክዳል፤ ሰላም ፖስታውን ጭራሽ አልከፈተችው ይሆናል። ይህኛው ትርጉም ቶሎ ካልታየዎት «አንድ ቀን እንኳ መጥቶ አልጠየቀኝም» የሚለውን ያስቡ። እንዲህ ብሎ የሚያማርር ሰው «መጣ፣ ግን አልጠየቀኝም» ማለቱ አይደለም፤ ከነጭራሹ አልመጣም ማለቱ ነው። «መጥቶ» ላይ የአሉታ ምልክት የለም፤ ሆኖም የ«አልጠየቀኝም» አሉታ ወደ ኋላ ሄዶ እሱንም ይዞታል።

ይህ የሚሆነው «አንብባ»፣ «መጥቶ» የመሳሰለው ቦዝ አንቀጽ ራሱን ችሎ ስለማይቆም ነው። የጎደለውን የሚሞላለት መጨረሻ ላይ ያለው ማሰሪያ አንቀጽ ነው። «አንብባ ጻፈች» ሲባል ማንበቡ ያለፈ ነገር ነው፤ «አንብባ ትጽፋለች» ሲባል ገና የሚመጣ ነው፤ «አንብበሽ ጻፊ» ሲባል ደግሞ ማንበቡም ትእዛዝ ይሆናል። ጊዜውንና ትእዛዙን ከማሰሪያው የሚወስድ ቃል አሉታውንም ቢወስድ አያስገርምም። አንዳንዴ ይወስዳል፣ አንዳንዴ አይወስድም፤ የሚለየው አውዱ ነው። በንግግር ጊዜ ድምፃችንና ቀድሞ የተወራው ነገር ይረዱናል። የፈተና ወረቀት ላይ ግን አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። የተሰጠው የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር «አነበበች» ብሎ በአራት ነጥብ ዘግቶታል፤ ማንበቧ የተረጋገጠ ነገር ነው። ይህን እርግጠኝነት የሚያጠራጥር ጥምረት ሐሳቡን ለውጧል ማለት ነው።

ሐ ይህ ችግር የለበትም። «ብታነብም … አልጻፈችም» ማንበቧን ይቀበልና ከማንበቧ ይጠበቅ የነበረው እንዳልተከተለ ይነግረናል። (ማሰሪያው «አትጽፍም» ቢሆን ኖሮ ማንበቧም ገና ያልታወቀ ነገር ይሆን ነበር። እዚህም የሚወስነው ማሰሪያው እንደሆነ ልብ ይበሉ።) ለ በተሰጡት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ የሌለ ምክንያት ፈጥሯል፤ ማንበቧ ላለመጻፏ ሰበብ ሆኗል። መ እውነታውን አልነካም፤ የዐረፍተ ነገሩን ክብደት ግን ማንበቧ ላይ ጥሎ፣ ዋናውን ወሬ፣ አለመጻፏን፣ ጥገኛ አድርጎታል።

እኔን ቢጠይቁኝ ከአራቱም የምወደው ያልተሰጠው አማራጭ ነው፦ «ሰላም ደብዳቤውን አነበበች፤ መልስ ግን አልጻፈችም።» በድርብ ሰረዝ የተያያዘ፣ «ግን» ከሚያነጻጽረው ቃል ቀጥሎ የገባበት። ማጣመር ማለት የግድ አንዱን ለሌላው ጥገኛ ማድረግ አይደለም፤ እንዲህ ያለ አማራጭ ሲያገኙ ቀላል ስለሆነ ብቻ አይለፉት።

ስለዚህ አማራጮቹን ከማየትዎ በፊት በእጅዎ ይሸፍኗቸውና ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች ምን ዝምድና እንዳላቸው ይጠይቁ፦ ምክንያትና ውጤት ናቸው? ይቃረናሉ? አንዱ ሌላውን በጊዜ ይቀድመዋል? ዝምድናቸውን ካወቁ በኋላ አማራጮቹን ይግለጡ። ጆሮን ብቻ ይዞ የገባ ተፈታኝ አራቱም ልክ ይመስሉታል፤ አራቱም የሚነገሩ አማርኛ ናቸውና።

ቦዝ አንቀጽ ሌላም ወጥመድ አለው። በባለቤቱ ይረባል፣ ማለትም ባለቤቱ ሲለወጥ መልኩ ይለወጣል፤ ስለዚህ «ተማሪዎቹ ጥያቄውን አንብቦ መልሱን ጻፉ» ስሕተት ነው፣ «አንብበው» መሆን አለበት። ይህ እንዲህ ባጭሩ ሲጻፍ ማንም ይለየዋል። «ከመምህሩ ጋር የተወያዩት ተማሪዎች እያንዳንዱን ጥያቄ በጥንቃቄ አንብቦ» ተብሎ ሲረዝም ግን ብዙ ሰው ያመልጠዋል። በአንጻሩ ሁለቱ ግሶች የተለያየ ባለቤት ስላላቸው ብቻ ጥምረቱን ስሕተት አይበሉ፤ «ፀሐይ ወጥታ ጤዛው ደረቀ» ምንም እንከን አይወጣለትም፤ «ወጥታ» ከፀሐይ፣ «ደረቀ» ከጤዛው ጋር ተስማምተዋል።

አያያዥ መደራረብንም ይጠንቀቁ። «ብታነብም ነገር ግን መልስ አልጻፈችም» ላይ «ብ…ም» ተቃርኖውን ጨርሶታል፤ «ነገር ግን» ትርፍ ነው። «ስለታመመች ስለዚህ ቀረች» የሚለውም እንደዚያው።

«የ»ን ይዞ በሚጣመረው ላይ ደግሞ ዐይንዎ «ን» ላይ ይሁን። «ትናንት መጽሐፍ ገዛሁ። መጽሐፉን አነበብኩት።» ሲጣመሩ «ትናንት የገዛሁትን መጽሐፍ አነበብኩት» ይሆናሉ። በመጀመሪያ መጽሐፉ ላይ የነበረው «ን» አሁን ወደ «የገዛሁት» ተሻግሯል። «ትናንት የገዛሁት መጽሐፉን አነበብኩት» የሚል አማራጭ ካዩ ይሰርዙት።