ሱዳን ውስጥ የሚያናግሩት ሰው አለ ወይ?

ባለፈው ሰሞን አርባ ምንጭ ሃይድሮሎጂ ተምራ የጨረሰች የወዳጄ ልጅ ቤት መጥታ ቡና እየጠጣን ድንገት "ጋሼ፣ ሱዳን ውስጥ ደውለው የሚያናግሩት ሰው አለ?" አለችኝ። ዓባይ ላይ፣ ከድንበራችን ወዲያ ስላለው የሱዳኖቹ ሮዛሬስ ግድብ የምታጣራው ነገር ነበራት። ከሚያዝያ 2015 ወዲህ እዛ ጦርነት ነው፣ ማን የት እንዳለ በምን ይታወቃል ብዬ አለፍኳት። እውነቱ ግን እሱ አይደለም። ሰው ነበረኝ፣ በገዛ አፌ ነው ያጣሁት። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩና ይኸው እየጻፍኩ ነው፣ እዚህ የውሃ ሙያ ውስጥ ያላችሁ ልጆች አንብቡት፣ ሌላው ከፈለገ ይለፈው።

በወጣትነቴ ለኮርስ ሆላንድ ሄጄ ከአንድ ሱዳናዊ ጋር ጎን ለጎን ክፍል ነበር የደረሰን። የደረቀ የባሚያ ዱቄት በላስቲክ ቋጥሮ መጥቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ወጥ ይሠራል፣ ከማሽላ ዱቄት ደግሞ ኪስራ ይጋግርልኛል፣ ስስ ነው፣ ዓይን የለውም፣ እኔ "ይሄ እንጀራ ታሟል" እያልኩ ስቀልድበት እሱ የታመመውማ የናንተው ነው፣ አብጧል ይለኛል። ነሐሴ 1980 ካርቱም በዝናብና በጎርፍ ስትጥለቀለቅ የእናቱ የጭቃ ቤት ፈርሶባቸዋል። ግድግዳው ሲወድቅ ድምፅ እንኳን አልነበረውም፣ እንደ ስኳር ነው የሟሟው ብሎኛል። ስለ ደለል ካነሳን ደግሞ አያቆምም። ተከዜ ወርዶ አትባራን ከተቀላቀለ በኋላ ኸሽም ኤል ጊርባ የሚባል ግድብ አላቸው፣ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ እንዲይዝ ተሠርቶ ግማሽ ያህሉን ደለል በላው። "አፈራችሁ እኛ ጋ ተኝቷል፣ መጥታችሁ ውሰዱልን" ይለኝ ነበር እየሳቀ። እኔ ወንዙን ከላይ ነው የማውቀው፣ እሱ ከታች፣ ሁለታችንም ግማሽ ግማሽ ነበርን።

አገራችን ከገባን ከጥቂት ዓመት በኋላ ነሐሴ ላይ ቢሮ ስልክ ጮኸ፣ እሱ ነው። ሰላምታውን እንኳን አላስረዘመም። "ድንበር ያለው የዓባይ መለኪያ ጣቢያችሁ ትናንት ማታ ስንት አነበበ? ቁጥሩን ብቻ" አለኝ። ቁጥሩ ፊቴ ነው፣ ጠዋት በሬዲዮ የመጣውን በእርሳስ ጽፌ ላዩ ላይ የሻይ ብርጭቆ አስቀምጬበት ክብ ምልክት ሠርቶበታል። እኔ ምን አልኩ? "በደብዳቤ ጠይቁን።" ትንሽ ዝም አለና "ማሌሽ"፣ ግድ የለም፣ ብሎ ዘጋው። ከዛ በኋላ አልደወለም።

ውሃው ካርቱም የሚደርሰው በቀናት ነው፣ ደብዳቤው እኛ ጋ የደረሰው ጥቅምት ላይ፣ ወንዙ ጎድሎ ጠርቶ። ክረምቱ በሰላም አለፈላቸው፣ ግን ይሄ እኔን ነፃ ያወጣኛል እንዴ? ደንብ ነው ብዬ ለራሴ ስነግረው ኖርኩ፣ በኋላ ግን ደንቡን ብፈልገው ብፈልገው የለም፣ አትስጥ ያለኝም አለቃ አልነበረም። ቂም ነው። በ1952 ግብፅና ሱዳን ውሃውን 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ብለው ሲካፈሉ እኛን የጠየቀን የለም፣ ያ ሆዴ ውስጥ ነበር፣ ዕዳውን ያስከፈልኩት ግን የእናቱ ቤት የፈረሰበትን ልጅ ነው።

የካቲት 1991 የናይል ተፋሰስ ኢኒሼቲቭ የሚባለው የተፋሰሱ አገሮች የትብብር መድረክ ዳሬሰላም ላይ ሲቋቋም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለአገር ብቻ ብዬ አይደለም፣ በየስብሰባው የሱዳኖቹ ደረት ላይ ያለውን ስም እያነበብኩ እፈልገው ነበር። የለም። ከሥራው ወጥቶ ገልፍ፣ አረብ አገር ገባ አሉኝ። ስልኩን ስጡኝ ማለት አፈርኩ፣ ምን ልለው ነው?

አሁን የናንተ ነገር። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ስለ ዓባይ ስትሰዳደቡ አያለሁ፣ ባንዲራ ላይ ባንዲራ፣ ከመሃላችሁ አንድ ሱዳናዊ ወይ ግብፃዊ የሙያ ጓደኛ ያለው ስንቱ ነው? ጎርፍ ያጠበው አፈር የሚሄድበትን የሚያውቅ የጎጃም ገበሬ ከናንተ ይሻላል፣ እርከን ሲሠራ እታች ያለውን ግድብም ከደለል እያዳነ ነው። የትብብር ማዕቀፉ የሚባለው የተፋሰሱ አገሮች የውሃ ስምምነት ጥቅምት 2017 ሥራ ላይ ውሏል፣ ግብፅና ሱዳን ግን አልፈረሙም፣ እኔ ደግሞ ፊርማ እስኪሰበሰብ የሚጠብቅ ወንዝ አላየሁም። ሕዳሴ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፣ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ ይይዛል፣ ከታቹ ሮዛሬስ አለ፣ እዛ የሚሠራው ሰው እኛ ምን ያህል እንደምንለቅ ካላወቀ በሩን በግምት ነው የሚከፍተውና የሚዘጋው። እዚህ ላይ መደበቅ የለም። ሁሉንም ፋይል ዘርግፉ ግን አላልኩም! እኔም አንዳንዱን ዛሬም አልሰጥም፣ የተፈጠርኩት እንደዛ ነው።

ስለ ሞዴሊንግ ምናምን አልመክራችሁም፣ ከኔ ትበልጣላችሁ። አረብኛ ግን ተማሩ። እኛ ሁሉን ነገር በእንግሊዝኛ እያልን ቡና ሰዓት ላይ እነሱ ጥግ እኛ ጥግ ቆመን ነው ያረጀነው። እኔ እንኳን ሰሞኑን በልጅ ልጄ ስልክ ጀምሬያለሁ፣ እየሳቀችብኝ። እስከ 20 መቁጠር ችያለሁ፣ ለስታፍ ጌጅ፣ ለወንዝ ከፍታ መለኪያው ዘንግ፣ ይበቃል።