አድናቂን ማጥናት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የፊልም፣ የተከታታይ ድራማና የሙዚቃ አድናቂዎች እንዴት እንደሚጠኑ ጠይቃችሁኛል። በደስታ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ አድናቂነት የምር ይጠናል እንዴ?

አዎ። እ.ኤ.አ. 1992 ለመስኩ ትልቅ ዓመት ነበር (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አድናቂዎችን ያጠኑት የሄንሪ ጄንኪንስና የካሚል ቤከን ስሚዝ መጻሕፍት፣ ሊሳ ሉዊስ ያሰናዳችው የጽሑፎች ስብስብም በዚያው ዓመት ወጡ።

ጥያቄ፦ ከዚያ በፊትስ?

አድናቂ ወይ እብድ ወይ ብቸኛ ተደርጎ ነበር የሚታየው። ተመራማሪዋ ጆሊ ጄንሰን ይህን ሞግታለች። ዕድሜ ልኩን አንድ ደራሲ ላይ የሚቆዝም ምሁር ይከበራል። አንድ ዘፋኝ የሚወድ ግን ልክፍተኛ ይባላል። ልዩነቱ ፍቅሩ ላይ አይደለም፤ የሚወደደው ነገር ባለው ክብር ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ጄንኪንስ አድናቂን በሰው ጫካ ተደብቆ አውሬ ከሚያድን ሰው ጋር ማመሳሰሉ ስድብ አይደለም?

አይደለም እህቴ፣ ሙገሳ ነው። ሐሳቡ የፈረንሳዊው ምሁር የሚሼል ደ ሰርቶ ነው። ጫካው የባለርስቱ ነው፤ ድሃው ግን ሾልኮ ገብቶ የሚበላውን ያድናል። አንባቢም በሌላ ሰው ድርሰት ውስጥ የሚሆነውን ይዞ ይወጣል። ለደ ሰርቶ አንባቢ ያገኘውን አያከማችም፣ ያልፋል። ጄንኪንስ እዚህ ላይ ይለያል። ስታር ትሬክ የተባለው የጠፈር ተከታታይ ድራማ አድናቂዎች ያደኑትን አልጣሉትም። ታሪክ ጻፉበት፣ መጽሔት አባዙበት፣ ቪዲዮ አቀናበሩበት። ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ፤ ድራማው ዳር ያስቀመጣቸውን ሴት ገጸ ባሕርያት መሃል አመጧቸው። እኔን ከዚህ መስክ ጋር ያጣበቀኝ ይህ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ዝነኛ ሰው እንደ ጓደኛዬ ይሰማኛል። ችግር አለብኝ?

የለብህም ወንድሜ። ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል በ1956 ይህን የአንድ ወገን ቅርርብ ሲገልጹ የተለመደ ነገር አድርገው ነው። የሚያሳስበው የሰው ግንኙነትን ሁሉ ሲተካ ነው።

ጥያቄ፦ አንድን ድራማ ወይም ዘፋኝ የሚጠሉ ሰዎችስ ይጠናሉ?

ይጠናሉ። ጆናታን ግሬይ በ2003 ጽፎበታል። የሚጠላም ሰው የሚጠላውን በደንብ ይከታተላል።

ጥያቄ፦ አጥኚው ራሱ አድናቂ ከሆነ ሚዛኑ አይዛባም?

ይዛባል፣ በርካቶቹም አድናቂዎች ናቸው። ማት ሂልስ በ2002 አድናቂን "ለምን ወደድከው?" ብሎ መጠየቅ ብቻውን እንደማይበቃ ጻፈ። ሰው ፍቅሩን የሚያስረዳበትን ቃል ከጓደኞቹ ይማረዋልና። ሬቤካ ዋንዞ ደግሞ በ2015 ጠንከር ያለ ነገር አነሳች፦ መስኩ ጥቁር አድናቂዎችን ችላ ብሏል። እነሱን ያካተተ ጥናት አድናቂዎች ሁሉ ለተገፋ ይቆማሉ የሚለውን ደግ ሥዕል ይዞ መቀጠል አይችልም፤ ዘረኝነት እዚያም አለ። ጄንኪንስን የምታነቡ ሁሉ ዋንዞንም አብራችሁ አንብቡ።