ስዊት ይሻላል ወይስ መሀል ላይ ያለ ካቢን?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በአሮጌና ርካሽ የሽርሽር መርከብ ላይ ክፍል ስለ መምረጥ

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ 25ኛ ዓመት ጋብቻችንን ምክንያት በማድረግ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በተሠራች መርከብ ለአራት ሌሊት ልንጓዝ ነው። የስዊቱ ዋጋ መስኮት ካለው ተራ ካቢን እጥፍ ሆነብን። ልዩነቱን መክፈል ያዋጣል?

መልስ፦ ለሁለት ሰውና ለአራት ሌሊት አብዛኛውን ጊዜ አያዋጣም። «ስዊት» የሚለው ስም በየመርከቡ የሚይዘው ነገር የተለያየ ነው። በውዶቹ መርከቦች የራሱ ምግብ ቤትና የግል አስተናጋጅ ይኖረዋል። በርካሾቹ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት ሰፋ ያለ ክፍል፣ አንድ ሶፋ፣ አንዳንዴ የመታጠቢያ ገንዳ፣ እንዲሁም በመሳፈሪያው ቀን ሳይሰለፉ መግባት ነው። ምግቡም ትርኢቱም መዋኛውም ከሌላው ተሳፋሪ ጋር አንድ ነው። እንግዲህ የሚገዙት ካሬ ሜትር ነውና ካሬ ሜትሩን በቁጥር ይጠይቁ። የተነገረዎት ስፋት በረንዳውን ይጨምራል? መኝታውና ሳሎኑ በግድግዳ ነው የተለዩት ወይስ በመጋረጃ ብቻ? ብዙ «ስዊቶች» በመጋረጃ የተከፈለ አንድ ክፍል ናቸው።

በሌላ በኩል፣ አሮጌ መርከብ ሁሉ ጠባብ ካቢን አለው ማለት አይደለም። በ1990 ሥራ የጀመረችው ካርኒቫል ፋንታሲና እህት መርከቦቿ ተራ ካቢናቸው 17 ካሬ ሜትር ገደማ ነበር። ከሁለት ዓመት ቀድማ በ1988 የወጣችው ሶቨሪን ኦቭ ዘ ሲስ ደግሞ 11 ካሬ ሜትር ገደማ ብቻ ነበራት። በመጀመሪያው ዓይነት ካቢን ሁለት ሰው ተመችቶት ይሰነብታል። በሁለተኛው አንዱ ሻንጣ ሲከፍት ሌላው አልጋ ላይ ይወጣል። እጥፍ ለመክፈል ከማሰብዎ በፊት የእርስዎ መርከብ ከየትኛው ወገን እንደሆነች ይወቁ።

ስለ በረንዳም አንድ ነገር። በዚያ ዘመን መርከብ ሲሠራ በረንዳ የጥቂቶች ነበር፣ ያለውም ብዙ ጊዜ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ከፍ ባለ መጠን ንፋሱም መወዛወዙም ይበረታል። ፊት ለፊት ወደ ባሕሩ የሚያዩት ስዊቶች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው፤ ከክፍሉ የሚወጣው ብርሃን መርከቧን የሚመሩት ሰዎች በጨለማ እንዳያዩ ስለሚያውክ ማታ መጋረጃ እንዲዘጋ ይጠየቃል።

ስዊት የሚያዋጣው ሦስት ወይም አራት ሆነው አንድ ክፍል ሲይዙ ነው። የሦስተኛውና የአራተኛው ሰው ክፍያ ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስለሚያንስ፣ ልዩነቱ ለአራት ሲካፈል ይቀላል። ስሌቱ ውስጥ የየቀኑን የአገልግሎት ክፍያም ያስገቡ፤ በብዙ ኩባንያዎች ስዊት ለያዘ ሰው ከፍ ይላል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴን ባሕር ያቅለሸልሻታል፣ እኔ ደግሞ ትንሽ ድምፅ ይቀሰቅሰኛል። የት ብንይዝ ነው የሚሻለው?

መልስ፦ ሁለቱ ችግሮች አንዳንዴ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚጎትቱ አንድ በአንድ እንያቸው።

መርከብ ማዕበል ሲያገኛት እንደ ሚዛን ናት። ፊቷ ሲነሳ ኋላዋ ይወርዳል፣ መሀሏ ግን ብዙም አይንቀሳቀስም። ወደ ጎን ስትዘም ደግሞ ከላይ ያለው ከታች ካለው በላይ ይወዛወዛል። ለባለቤትዎ የሚስማማው እንግዲህ ከርዝመቷ መሀል፣ ከፎቆቿም ዝቅ ያለው ነው። መስኮት የሌለው ካቢን በራሱ የበለጠ አይወዛወዝም፣ ነገር ግን አድማሱን ማየት ለብዙ ሰው ማቅለሽለሹን ያስታግሳል። ስለዚህ መስኮቱ ገንዘቡ ይገባዋል። አንድ ነገር ይታወቅ፦ በታችኛው ፎቅ ያሉት ክብ መስኮቶች ማዕበል ሲበረታ ከውስጥ በብረት ክዳን ሊዘጉ ይችላሉ።

ድምፁን በተመለከተ የመርከቧን የፎቅ ንድፍ ያውጡ። የእርስዎን ፎቅ ብቻ ማየት አይበቃም፤ ከላይና ከታች ያሉትንም አብረው ይዩ። ጣትዎን ካቢንዎ ላይ ያድርጉና በትክክል ከራስዎ በላይ ምን እንዳለ ያረጋግጡ። መዋኛው ከሆነ፣ ገና ሳይነጋ ወንበር ሲጎተት ይሰማሉ። ማእድ ቤት ከሆነ የጋሪ ጎማ፣ ስፖርት ቤት ከሆነ የሚወድቅ ክብደት ነው። ከታች ጭፈራ ቤት ካለ ደግሞ የከበሮው ምት በብረቱ በኩል እየዘለቀ አልጋዎ ድረስ ይመጣል። ንድፉ ላይ ስም ሳይጻፍባቸው ነጭ ሆነው የተተዉ ቦታዎችን አይናቁ። የሠራተኞች ማእድ ቤት፣ የዕቃ ማከማቻ ወይም የአገልግሎት ደረጃ ሊሆኑ ይችላሉ፣ የሚንኳኳውም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። አስተማማኙ ቦታ ከላይም ከታችም ካቢን ብቻ ያለበት ፎቅ ነው።

ፊት ለፊት ዝቅ ያለው ቦታ በየወደቡ ማለዳ ላይ ይረብሻል፤ የመልህቁ ሰንሰለትና መርከቧን ወደ ጎን የሚገፉት ሞተሮች እዚያ ናቸው። ኋላ ደግሞ ንዝረት አለ። በድሮዎቹ መርከቦች ፕሮፔለሩ ከሞተሩ ጋር የሚገናኘው በረጅም የብረት ዘንግ ስለሆነ፣ ፍጥነት ሲጨመርና ወደብ ላይ ሲዞሩ ኋላ ያለው ክፍል ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጡት ብርጭቆ እስኪጮህ። ሞተሩና ፕሮፔለሩ አንድ ላይ ከቀፎው በታች የሚንጠለጠሉበትን አዚፖድ የተባለ አሠራር መጀመሪያ የተጠቀመችው የሽርሽር መርከብ በ1998 የወጣችው ካርኒቫል ኢሌሽን ናት። ከእርሷ የቀደመች መርከብ ሲይዙ ከኋላው ሩብ ይራቁ።

ሊፍቱ ራሱ ያን ያህል አይጮኽም፣ ፊቱ ቆመው የሚያወሩት ሰዎች ናቸው የሚጮኹት። አራት አምስት በር መራቅ ይበቃል። ሌላው ወጥመድ ወደ ጎረቤት ክፍል የሚያስገባ የውስጥ በር ያለው ካቢን ነው። በሩ ቢቆለፍም ወሬው ያልፋል። ብዙ ንድፎች ላይ በሁለቱ ካቢኖች መካከል በትንሽ ምልክት ይጠቆማል።

ሁለቱን ፍላጎት ለማስታረቅ፦ መሀል፣ ከታችኛው የተሳፋሪ ፎቅ አንድ ወይም ሁለት ከፍ ብሎ፣ በካቢኖች መካከል። እጅግ የታችኛው ፎቅ ላይ የሞተር ክፍሉ ድምፅ ሊሰማ ይችላል።

ጥያቄ፦ «ጋራንቲ» የሚባለው ርካሽ ዋጋ ምንድን ነው? ልውሰደው?

መልስ፦ የክፍሉን ዓይነት ይገዛሉ፣ ቁጥሩን ግን ኩባንያው ይመርጥልዎታል። የተረጋገጠው ከገዙት ደረጃ እንዳያንስ ብቻ ነው። ከላይ የዘረዘርናቸው ድምፅና ንዝረት ያለባቸው ክፍሎች ሰው ሳይመርጣቸው ስለሚቀሩ ለጋራንቲ ገዢ ይደርሳሉ። እንቅልፍዎ ከባድ ከሆነ ይውሰዱት። ሁለት ካቢን አጎራብተው ለመያዝ ለሚፈልጉ ቤተሰቦች ወይም ባሕር ለሚያማቸው ግን አይሆንም።

ከዚህ ይልቅ ለቁጠባ የምንመክረው ዕይታው በሕይወት አድን ጀልባ የተጋረደ መስኮት ያለውን ካቢን ነው። ብርሃን ያስገባል፣ ቦታውም ብዙ ጊዜ መሀል ላይ ነው፣ ዋጋውም ዝቅ ይላል። አንዳንዱ ጀልባው ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል፣ አንዳንዱ በጀልባዎቹ መካከል ወድቆ ባሕሩን በደንብ ያሳያል። የካቢኑን ቁጥር ከመርከቧ ስም ጋር አድርገው ተሳፋሪዎች ያነሷቸውን ፎቶዎች ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ እናቴ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ተራ ካቢን ይበቃታል?

መልስ፦ የመታጠቢያ ቤቱን ደፍ ይጠይቁ። በአሮጌ መርከቦች ውኃ እንዳይፈስ ተብሎ ከፍ ያለ የብረት ደፍ አለ፣ በሌሊት የሚያደናቅፈውም እርሱ ነው። ተሽከርካሪ ወንበር ካለ ደግሞ የተራ ካቢን በር ብዙ ጊዜ ከ60 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ስለሆነ አያስገባም። ለአካል ጉዳተኞች የተዘጋጁት ክፍሎች በእነዚህ መርከቦች ጥቂት ናቸውና ቀድመው ይያዙ። አልጋውንም አይርሱ፤ ሁለቱን ነጠላ አልጋዎች ማጣመር የማይቻልበት ወይም አንዱ ከላይ ተንጠልጥሎ የሚወርድበት ካቢን አለ።

ጥያቄ፦ መርከቧ ስሟን እንደቀየረች ሰማሁ። እውነተኛ ዕድሜዋን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ስምና ባለቤት ይቀያየራል፣ የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ሰባት አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር ግን መርከቧ እስክትፈርስ አይለወጥም። በዚያ ቁጥር ቢፈልጉ የተሠራችበት ዓመትና የድሮ ስሞቿ ይወጣሉ። ለምሳሌ በ2022 ማርጋሪታቪል አት ሲ ፓራዳይዝ ተብላ የወጣችው መርከብ በ1991 ኮስታ ክላሲካ ሆና ነበር የጀመረችው፣ በመካከሉም ኮስታ ኒዮክላሲካ እና ግራንድ ክላሲካ ተብላለች። የድሮውን ስም ማወቅ የሚጠቅመው ለወሬ ሳይሆን የድሮውን የፎቅ ንድፍና የካቢን ፎቶ ለማግኘት ነው። አዲስ ምንጣፍና ቀለም የክፍሉን ስፋት አይቀይሩምና።

ዕድሜ ብቻውን አያስፈራ። ይልቅ ለመጨረሻ ጊዜ ከውኃ ወጥታ የታደሰችው መቼ እንደሆነና ካቢኖቹ ተነክተው እንደሆነ ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚታደሰው መጠጥ ቤቱና መዋኛው ነው፣ ቱቦውና ፍራሹ ይረሳል። ከእድሳት በወጣች በመጀመሪያው ሳምንትም አይሳፈሩ፤ ቀለም ይሸታል፣ ሥራው ያላለቀ ክፍል አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ካቢን ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ምን ልፈትሽ? ምንስ ይዤ ልሂድ?

መልስ፦ ሻንጣ ሳይፈቱ የሽንት ቤቱን ውኃ ይልቀቁ፣ ሙቅ ውኃውን ይክፈቱ፣ የአየር ማቀዝቀዣውን ያዙሩ። ሽንት ቤቱ በአየር የሚስብ ስለሆነ አንዱ ጋ የተጣለ ጨርቅ በአንድ መስመር ያሉ በርካታ ካቢኖችን ሊዘጋ ይችላል። የእርስዎ ጥፋት ባይሆንም ወዲያውኑ ያስታውቁ። የፍሳሽ ሽታ ካለ ደግሞ ገላ መታጠቢያው ወለል ላይ ባለው መውረጃ አንድ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ያፍስሱ። ቱቦው ከታች የሚይዘው ውኃ ሲደርቅ ነው ሽታው የሚወጣው። ካልጠፋ ሌላ ክፍል ይጠይቁ፤ በመጀመሪያው ሰዓት የጠየቀ ከማታው ይልቅ ዕድል አለው።

ሶኬት በእነዚህ መርከቦች አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው፣ እርሱም ከአልጋው ርቆ ጠረጴዛው ጋ። ብዙ ቀዳዳ ያለው የስልክ መሙያ ይያዙ። ከኃይል መጨመር የሚከላከል ማከፋፈያ ግን ቤት ይተዉት። በብዙ መርከቦች የኤሌክትሪክ መስመሩ እንደ ቤት ከመሬት ጋር ስላልተያያዘ፣ ለቤት የተሠራው መከላከያ ሊግልና እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ ፍተሻ ላይም ይወሰድብዎታል። የካቢኑ ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ብረት ስለሆነ ማግኔት ያላቸው አራት አምስት መስቀያዎች ለኮፍያና ለእርጥብ ልብስ ከመደርደሪያው ይልቅ ያገለግላሉ። ባዶው ሻንጣ አልጋ ሥር ይገባል፤ የአልጋው ከፍታ የማይበቃ ከሆነ የካቢን አስተናጋጁ ሌላ ቦታ ያስቀምጥልዎት እንደሆነ ይጠይቁት።