«ባለፕሮጀክቱ የሚከፍልበት ጥናት ምን ዋጋ አለው?»

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን አንብቤዋለሁ። በሰሜን ጀርመን የአካባቢ ሳይንስ ማስተርስሽን ለመጨረስ አንድ ሴሚስተር ቀርቶሻል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ላይ፣ ማለትም አንድ ፕሮጀክት ከመፈቀዱ በፊት በአካባቢ ላይ ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት በማጥናት ሥራ ላይ፣ መሥራት ትፈልጊያለሽ። ከአንቺ ቀድሞ የተመረቀ ልጅ ግን «ጥናቱን የሚያሠራውም የሚከፍልበትም ባለፕሮጀክቱ ነው፤ መልሱ ሁልጊዜ ‹ይሠራ› ነው፤ ማኅተም ለማስመታት ብቻ ነው» ብሎ ተስፋሽን አቀዝቅዞታል። ቤተሰብ ደግሞ «አውሮፓ ድረስ ሄደሽ ወፍ ልትቆጥሪ ነው? የነርስነት አውስቢልዱንግ (የሙያ ሥልጠና) ግቢና ገንዘብ ያዢ» ይላል። ጀርመንኛሽ በመካከለኛው ደረጃ፣ ቢ1 ላይ ነው። አገር ቤት ብመለስ ይጠቅመኛል ወይ ብለሽም ጠይቀሻል።

አብዛኛውን መልሴን ልጁ ለተናገረው ነገር እሰጣለሁ። አባባሉ ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው ብዙ ጎበዞችን ከዚህ ሙያ ያራቀው፤ ይህ ያሳዝነኛል።

እውነት የሆነውን ግማሽ እንቀበል። የአውሮፓ ኅብረት የግምገማ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1985 ወጣ፣ በ2011 ተጠቃለለ፣ በ2014 ተሻሻለ። በእሱ መሠረት ሪፖርቱን የሚያቀርበው ባለፕሮጀክቱ ነው፤ ወጪውም የእሱ ነው። እኔም አንድ ልጨምርልሽ፦ መመሪያው ጎጂ ፕሮጀክትን አይከለክልም። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ጉዳቱን አውቆና መዝኖ፣ ምክንያቱን ጽፎ «ይሠራ» ማለት ይችላል። ሕጉ የሚያስገድደው ከባድ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ነገር ሁሉ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት እንዲጠና፣ ሕዝብም እንዲያየው ነው። ፕሮጀክት ለማስቆም ብለሽ የምትገቢ ከሆነ ይህ ሙያ ያሳዝንሻል። ከመግባትሽ በፊት ይህን ከራስሽ ጋር ተነጋገሪበት።

ልጁ ያልነገረሽ ግን ዋናው ውሳኔ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ሪፖርቱ ከመጻፉ በፊት መሆኑን ነው። መመሪያው ሁለት ዝርዝር አለው። በአባሪ አንድ ያለው ያለ ጥያቄ ይገመገማል፦ 2,100 ሜትርና ከዚያ በላይ መንደርደሪያ ያለው የአውሮፕላን ማረፊያ፣ ስፋቱ ከ25 ሄክታር የሚበልጥ የድንጋይ ካባ፣ ከ3,000 በላይ የሥጋ አሳማ የሚይዝ እርባታ፣ ከ150,000 ሰው በላይ የሚያክል ፍሳሽ የሚያጣራ ጣቢያ፣ ወዘተ። በአባሪ ሁለት ያለው ግን መጀመሪያ ልየታ ይደረግበታል፤ ማለትም ግምገማ ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም የሚለው ይወሰናል፤ አገሩ ገደብ ያወጣለታል ወይም እያንዳንዱ ጉዳይ ለብቻው ይታያል። የንፋስ ኃይል እዚህ ነው ያለው። ጀርመን ውስጥ ቁመታቸው ከ50 ሜትር የሚበልጥ 20 ተርባይኖችና ከዚያ በላይ ከሆኑ ግምገማው ግዴታ ነው፤ ከ6 እስከ 19 አጠቃላይ ልየታ፣ ከ3 እስከ 5 ደግሞ ቦታውን ብቻ የሚያይ ልየታ ይደረጋል። ትምህርት ቤት ግምገማውን በጀርመንኛ ምህጻሩ ኡፋውፔ እያላችሁ ስትማሩት እነዚህን ቁጥሮች እንደ ሠንጠረዥ ብቻ አልፈሻቸው ይሆናል። የሥራው ግጭት ያለው ግን እዚያው ሠንጠረዥ ላይ ነው። 24 ተርባይን ያለው ፕሮጀክት በሁለት ኩባንያ ስም 12፣ 12 ሆኖ ሲመጣ «ይህ አንድ ፕሮጀክት ነው» ብሎ በጽሑፍ የሚይዘው ሰው ያስፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ1999 በአየርላንድ ጉዳይ፣ በ2008 ደግሞ በማድሪድ የቀለበት መንገድ ጉዳይ ፕሮጀክትን በመከፋፈል ከመመሪያው ማምለጥ እንደማይቻል ወስኗል። በአየርላንዱ ጉዳይ ላይ መጠንን ብቻ እያዩ የቦታውን ስስነት የሚዘነጉ ገደቦችንም አልተቀበለም። መሥሪያ ቤቱ የልየታ ውሳኔውን ሙሉ መረጃ ከቀረበለት ጀምሮ በመርህ ደረጃ በ90 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት። «ግምገማ አያስፈልገውም» ካለም ምክንያቱን መግለጽ ግዴታው ነው። ያን ምክንያት ማንበብ የምትችል ባለሙያ በጣም ተፈላጊ ናት።

ልየታ ሲበላሽ ምን እንደሚያስከፍል ማየት ከፈለግሽ የአየርላንዱን ዴሪብራየን አጥኚ። ጎልዌይ ካውንቲ ውስጥ፣ ፒት በሚባለው ውሃ ያዘለ የረግረግ አፈር በተሸፈነ ኮረብታ ላይ የተተከሉ 70 ተርባይኖች ናቸው። በጥቅምት 2003 ግንባታው እየተካሄደ ሳለ አፈሩ ተንሸራቶ ወረደ። የመጀመሪያዎቹ ፈቃዶች በተጠየቁበት ወቅት የንፋስ ኃይል በመመሪያው ዝርዝር ውስጥ ገና አልነበረም። ፍርድ ቤቱ በ2008 የመለሰው መልስ ለሙያችን ትልቅ ትምህርት ነው፦ ተርባይኑ ባይኖርም የፒት ቁፋሮውና የመንገድ ሥራው በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ፤ በዚያ አፈር ላይ ደግሞ ቀላል ሥራዎች አልነበሩም። ስለዚህ መገምገም ነበረባቸው። አየርላንድ ያን ባለማስተካከሏ በ2019 5 ሚሊዮን ዩሮ በአንድ ጊዜ፣ በተጨማሪም እስክታስተካክል በየቀኑ 15,000 ዩሮ ተፈረደባት። በ2022 ከጊዜ በኋላ የተጠየቀው ፈቃድ ተከለከለ፤ ባለቤቱም ተርባይኖቹን ለማንሳት ወሰነ። ሥራው ሲጀመር አንድ ሰው ስለ ፒቱ መረጋጋት በደንብ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ምን ያህል ገንዘብና ምን ያህል መሬት ይድን እንደነበር አስቢው።

ከልየታ በኋላ የጥናት ወሰን ይመጣል። ባለፕሮጀክቱ ከጠየቀ መሥሪያ ቤቱ ሪፖርቱ ምን ምን መያዝ እንዳለበት አስተያየት ይሰጣል፤ ሪፖርቱም በዚያ ላይ መመሥረት አለበት። እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ሁሉንም ነገር እኩል መጻፍ ነው። ስድስት መቶ ገጽ ይሞላል፤ ቁርጡን የሚለየው አንድ ጥያቄ ግን አራት ገጽ ብቻ ይሰጠዋል።

ከዚያ የመነሻ ሁኔታ ጥናት አለ፤ ቤተሰብሽ የሚያላግጥበት ወፍ ቆጠራ ማለት ነው። ጎጆ ሠርተው የሚፈለፍሉ ወፎች ከማርች እስከ ጁላይ፣ አብዛኛውን ጎህ ሲቀድ ይጠናሉ። የሌሊት ወፎች ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ድምፃቸው በመሣሪያ እየተቀዳ ይጠናሉ። ባለፕሮጀክቱ ውሉን ኦገስት ላይ ከፈረመ የወፉ ወቅት አልፏል፤ ቀጣዩን በጋ መጠበቅ ግድ ነው። ሪፖርት የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። አንድ ዓመት መጠበቅ ስለሚያስቆጭ ስድስት ዓመት ያለፈው መረጃ ከሌላ ፕሮጀክት ይወሰዳል፣ ወይም አንድ ሁለት ቀን የተደረገ ጉብኝት እንደ ሙሉ ጥናት ይጻፋል። ተቃዋሚው ጠበቃ መጀመሪያ የሚገልጠው የጉብኝት ቀን፣ ሰዓትና የአየር ሁኔታ ያለበትን ሠንጠረዥ ነው።

አማራጮች የሚለው ምዕራፍም እንደዚሁ ነው። ሕጉ ባለፕሮጀክቱ ያያቸውን ምክንያታዊ አማራጮችና የተመረጠው የተመረጠበትን ምክንያት ይጠይቃል። ምዕራፉ መጨረሻ ላይ፣ ቦታው ከተገዛ በኋላ ሲጻፍ ወዲያው ያስታውቃል። ሁለት ሕግ ማደባለቅም አለ። በተፅዕኖ ግምገማ ልየታ ላይ ጉዳት መቀነሻ እርምጃዎችን ቆጥሮ «ግምገማ አያስፈልግም» ማለት ይቻላል። ናቱራ 2000 የሚባሉት የተጠበቁ ቦታዎች ጉዳይ ሲሆን ግን ፍርድ ቤቱ በ2018 በልየታ ደረጃ እንዲህ ያለ እርምጃ መቁጠር እንደማይቻል ወስኗል። ሁለቱን በአንድ ቅጽ የሚሞላ ቢሮ ፋይሉን ራሱ እያፈረሰው ነው። ውሃም አለ። በ2015 የሰሜን ጀርመኑን የዌዘር ወንዝ ወለል ይበልጥ ጥልቅ በማድረግ ጉዳይ ከውሃ ጥራት መለኪያዎች አንዱ ብቻ በአንድ ደረጃ ዝቅ ቢል እንኳ እንደ መበላሸት ይቆጠራል ተብሏል፤ አጠቃላዩ ደረጃ ባይለወጥም። አንቺ ሰሜን ጀርመን ነሽ፤ ይህን ፍርድ በቃልሽ እስክትይዥ አንብቢው።

አሁን ወደ ልጁ አባባል ልመልስሽ። ሪፖርቱ ገብቶ አያልቅም። ሕዝቡ ቢያንስ 30 ቀን ያየዋል፤ አስተያየት ይጽፋል። መሥሪያ ቤቱ ሪፖርቱን መመርመር የሚችል በቂ ባለሙያ ሊኖረው ግድ ነው፤ የራሱን ምክንያታዊ ድምዳሜም ይጽፋል፤ የባለፕሮጀክቱን ገልብጦ ማለፍ አይበቃም። ኔዘርላንድስ ደግሞ ሪፖርቶችን የሚመረምር ነፃ ኮሚሽን አላት። ከዚያ ጎረቤቶችና የአካባቢ ማኅበራት ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ። ጀርመን በአስተዳደር ደረጃ ያልተነሣ መከራከሪያ በፍርድ ቤት እንዳይነሣ ትከለክል ነበር፤ ይህም በ2015 ከመመሪያው ጋር አይሄድም ተባለ። ስለዚህ «ይሠራ» የሚል ደካማ ሪፖርት የሚገዛ ባለፕሮጀክት የሚገዛው ክስ ነው። ይህን የሚያውቅ ደንበኛ ከቢሮው የሚፈልገው መጥፎውን ዜና በሦስተኛው ወር የሚነግረውን ሰው ነው። ሁለት ተርባይን ካይት ከሚባለው አዳኝ ወፍ ጎጆ አጠገብ እንዲነሣ በወረቀት ላይ ማድረግ ይቻላል፤ መሠረቱ ከተፈሰሰ በኋላ ግን አይቻልም። ለውጥ የሚመጣው እዚያ ነው። ስለማይታይ ግን ማንም አይጽፍበትም።

ጫና የለም አልልሽም። «ይህችን ዐረፍተ ነገር ለስለስ አድርጊያት» የሚል ስልክ ይደወላል። የመስክ ቅጽሽን በዕለቱ ሙይ፣ ፈርሚ፣ ጥሬ መረጃውን አስቀምጪ፤ የተጠየቅሽውን ለውጥ በኢሜይል እንዲልኩልሽ ጠይቂ። ብዙው ጥያቄ ኢሜይል ላይ ሳይደርስ ይቀራል። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትቀርቢም አንድ ጥያቄ አትርሺ፦ «ባለፉት ሁለት ዓመታት ደንበኛ ቦታ እንዲቀይር ወይም ፕሮጀክቱን እንዲያሳንስ መክራችሁ ታውቃላችሁ?» ምሳሌ መናገር የማይችል ቢሮ ውስጥ አትግቢ።

ላንድክራይስ በሚባለው የወረዳ አስተዳደር ውስጥ ፈቃድ ሰጪው ወገን ሆኖ መሥራትም አለ፤ የተከበረና የተረጋጋ ሥራ ነው። እኔ መጀመሪያ የጥናት ቢሮን እመርጥልሻለሁ። ሥራዬን ሁሉ በዚያ ወገን ሆኜ ስለሠራሁ ሚዛኔ ሊያዘነብል ይችላል። ነገር ግን ሜዳ ወርዶ የማያውቅ ሰው የሌላውን የመስክ ሠንጠረዥ ሲመረምር ጉድለቱን ማየት ይቸግረዋል። ሦስት አራት የመስክ ወቅት ካለፈሽ በኋላ ወደ መሥሪያ ቤት ብትሄጂ ዋጋሽ እጥፍ ይሆናል።

«ታዳሽ ኃይል ከግምገማ ነፃ እየተደረገ ነው፤ ሥራው ይጠፋል» ይባላል። በ2023 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በተመረጡ የማፋጠኛ ቦታዎች ላሉ ፕሮጀክቶች የየብቻውን ግምገማ አስቀርቷል። ቦታዎቹን የሚመርጠው ዕቅድ ግን ራሱ ይገመገማል። ሥራው ወደ ዕቅድና ወደ ካርታ ዞሯል፤ ስለዚህ የካርታ ሥራ ሶፍትዌሩን ኪውጂአይኤስን በደንብ ያዢ።

ስለ ቤተሰብሽ በግልጽ ልናገር። ነርስነት ክቡር ሙያ ነው፤ አንቺ ግን ነርስ መሆን እንደምትፈልጊ አልጻፍሽም፤ የጻፍሽው እነሱ እንደሚፈልጉ ነው። አውስቢልዱንግ ሦስት ዓመት ነው፤ ማስተርስ ይዘሽ ከዜሮ መጀመር ማለት ነው። ከተመረቅሽ በኋላ ሥራ ለመፈለግ 18 ወር ይሰጥሻል። ያን ጊዜ በሌሊት መጋዘን ውስጥ ሆነሽ በየወሩ ብዙ ገንዘብ ብትልኪ 18ቱ ወር ያልቃል፤ የሚቀርሽ ደክሞ የተመለሰ ሰውነት ነው። ለቤተሰብሽ ለአንድ ዓመት ተኩል የምትልኪውን መጠን ቁርጥ አድርገሽ ንገሪያቸው፤ ትንሽ ይሁን፣ ከዚያም አትለፊ። ይከፋቸዋል። ይክፋቸው፤ ያለ ገንዘብ የተውሻቸው አይደለም። ብሉ ካርድ ለሚባለው የተማሩ ባለሙያዎች የመኖሪያ ፈቃድ በ2025 የሚያስፈልገው የዓመት ደመወዝ 48,300 ዩሮ ነበር፤ ከተመረቀ ሦስት ዓመት ላልሞላው ሰው 43,759.80 ዩሮ ነበር። የመጀመሪያ ደመወዝሽ ከዚህ ቢያንስ እንኳ ከ45 ዓመት በታች ላለ ምሩቅ የተወሰነ የደመወዝ ወለል የሌለው መደበኛ የባለሙያ ፈቃድ አለ። በብሉ ካርድ ምክንያት ጥሩ ቢሮ አትመልሺ።

ቋንቋውን በተመለከተ፣ በቢ1 መስክ ትወጫለሽ፤ ሪፖርት ግን አትጽፊም። ከፍተኛው ደረጃ ሲ1 ግድ ነው፤ ዛሬ ጀምሪ።

አገር ቤትም ሙያው ይሠራል፤ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) አለ። በአውሮፓ ኢንቨስትመንት ባንክ ወይም በዓለም ባንክ ገንዘብ የሚሠሩ ፕሮጀክቶችም ይህንኑ ዓይነት ጥናት ይጠይቃሉ።

አሁን የምታደርጊው ይኸው ነው። መመሪያው ሪፖርቶች በማዕከላዊ ድረ ገጽ እንዲገኙ ስለሚያዝ፣ የክፍለ ግዛቶቹን የጋራ የኡፋውፔ ፖርታል ክፈቺና በአካባቢሽ ያለ አንድ የንፋስ ፕሮጀክት ሪፖርት አውርጂ። ሪፖርቱ መያዝ ያለበትን ከሚዘረዝረው ከአባሪ አራት ጋር ነጥብ በነጥብ አስተያዪው። የጎደለውን በሁለት ገጽ ጀርመንኛ ጻፊና የጀርመን ጓደኛሽ ታርምልሽ። ማመልከቻሽን ስትልኪ ያን ሁለት ገጽ አያይዢ። የመስክ ወቅቱ ማርች ላይ ስለሚጀምር ቢሮዎቹ ለበጋው ሰው የሚይዙት ከዚያ በፊት ነው። የመጨረሻው ሴሚስተርሽ እየሄደ ሳለ እንደ ቬርክሽቱደንት (እየተማረ የሚሠራ ተማሪ) በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ትችያለሽ፤ ስለዚህ ምረቃሽን ሳትጠብቂ ደብዳቤሽን በዲሴምበር ላኪ።