ማን ምን እንደሚያውቅ ማን ያውቃል? ጥያቄና መልስ ስለ እውቀት ሎጂክ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሎጂክ እውነትና ሐሰትን መለያ ነው ተብለን ተማርን። የሰው እውቀት ውስጥ ምን አገባው?

መልስ፦ ፊንላንዳዊው ፈላስፋ ያኮ ሂንቲካ እ.ኤ.አ. በ1962 መንገዱን ከፈተ። አንድ ነገር አውቃለሁ ማለት፣ በእጄ ባለው መረጃ ሊሆኑ ይችላሉ በምላቸው ሁኔታዎች ሁሉ ነገሩ እውነት ነው ማለት ነው። በአንዱ እንኳ ሐሰት ከሆነ አላውቀውም። ከዚያ «ሳራ፣ ካሳ እንደሚያውቅ ታውቃለች» እያሉ መደራረብ ይቻላል።

ጥያቄ፦ መልእክት ለእያንዳንዱ ሰው በግል ብልክም በቴሌግራም ግሩፕ ብለጥፈውም ያው ሁሉም ያነበዋል። ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ይህን ዘርፍ የምወደው በዚህ ጥያቄ ነው። በግል ሲልኩ ሁሉም ያውቃል፤ ሌላው ማወቁን ግን ማንም አያውቅም። ሁለት ልጆች ግንባራቸው ጭቃ ነክቶታል እንበል፤ አንዱ የሌላውን ያያል፣ የራሱን አያይም። አባታቸው ሁለቱም እየሰሙ «ቢያንስ የአንዳችሁ ግንባር ጭቃ አለበት» ይላል። ለሁለቱም አዲስ ነገር አልነገራቸውም! «የራሳችሁን አወቃችሁ?» ሲላቸው እኩል «አላወቅንም» ይላሉ። ሲደግመው ግን ሁለቱም ያውቃሉ። ልጅቷ «የእኔ ንጹሕ ቢሆን ወንድሜ ገና በመጀመሪያው ያውቅ ነበር» ብላ ታሰላለችና፤ እሱም እንደዚሁ። አባትየው ያንን ባይናገር ኖሮ ደጋግሞ ቢጠይቃቸውም አያውቁም ነበር። በአደባባይ የተነገረ ነገር የሚሠራው ይህን ነው። ሰልፍ መውጣትም ሆነ ከባንክ ገንዘብ ለማውጣት መሯሯጥ «ሌላውም ሰምቷል» በሚል እውቀት ላይ ይቆማል።

ጥያቄ፦ ሰዎች በጓደኝነት የተሳሰሩ መሆናቸውስ በዚህ ሎጂክ የት ይገባል?

መልስ፦ የሎጂክ ተመራማሪዎቹ ጄረሚ ሰሊግማን፣ ፌንሮንግ ሊዩና ፓትሪክ ዢራርድ እ.ኤ.አ. በ2011 «ጓደኛዬ» የሚለውን ራሱን በሎጂኩ ውስጥ አስገቡት። «ከጓደኞቼ አንዱ ምስጢሬን ያውቃል፣ የትኛው እንደሆነ ግን አላውቅም» የሚለው ዓረፍተ ነገር በምልክት የሚጻፍ ሆነ።

ጥያቄ፦ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ወሬ ቢኖረው፣ ሁሉም ወሬ ለሁሉም እስኪዳረስ ስንት የስልክ ጥሪ ይበቃል?

መልስ፦ በእያንዳንዱ ጥሪ ሁለት ሰዎች የሚያውቁትን ሁሉ ይለዋወጣሉ እንበል፤ ሰዎቹ 4 ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ቁጥራቸውን በ2 አባዝተው 4 ይቀንሱ። ለ4 ሰው 4 ጥሪ፣ ለ10 ሰው 16። ከዚያ በታች አይቻልም።

ጥያቄ፦ ሰው እውነት እንዲህ ያሰላል?

መልስ፦ አያሰላም፤ የሎጂኩ ትልቁ ድክመትም ይኸው ነው። በዚህ ሎጂክ አንድ ነገር ያወቀ ሰው ከዚያ የሚከተለውን ሁሉ ያውቃል፤ የቼስን ሕግ ያወቀ፣ ሁለቱም ያለ ስሕተት ቢጫወቱ ጨዋታው በምን እንደሚያልቅም ያውቃል እንደ ማለት ነው። ሐሰተኛ ወሬም እውቀት ስላልሆነ፣ ለእሱ የእምነት ሎጂክ ያስፈልጋል፦ ሰው የትኛውን ሁኔታ ይበልጥ የሚመስል አድርጎ እንደሚያይ በደረጃ የሚያስቀምጥ። እኔ ብሆን ተማሪዎቼን ከዚያ አስጀምራለሁ።