ውሻን በድምፅ ቁልፍ ስለማስተማር፦ ጥያቄና መልስ

የድምፅ ቁልፍ የምንለው፣ አንድ ቃል አስቀድሞ ተቀድቶበት እንስሳው በመዳፉ ሲጫነው ያንኑ ቃል የሚያሰማ፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ ውሻና ድመት ከሚያሳድጉ ሰዎች ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች መልሴ የሚከተለው ነው።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ ዘዴው ከየት መጣ? ውሻው ቃሉ ገብቶት ነው የሚጫነው?

መልስ፦ ዘዴውን በሰፊው ያስተዋወቁት ክርስቲና ሀንገር የተባሉ አሜሪካዊት የንግግር ሕክምና ባለሙያ ናቸው። መናገር የሚቸግራቸውን ሕፃናት የሚረዱበትን መንገድ እ.ኤ.አ. በ2018 ስቴላ ለምትባል ቡችላቸው ተጠቀሙበት። ከዚያ ወዲህ በሳን ዲዬጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፌዴሪኮ ሮሳኖ ቡድን ጉዳዩን ሲመረምር ቆይቶ፣ በ2024 ባወጣው 59 ውሾችን ያካተተ ሙከራ፣ ውሾቹ «ውጪ» እና «ጨዋታ» የሚሉትን ቃላት ከሰው አፍም ሆነ ከቁልፍ ቢሰሙ፣ ቁልፉንም ባለቤታቸው ይጫነው ባዕድ ሰው፣ ለቃሉ የሚስማማ ምላሽ እንደሚሰጡ አሳይቷል። በዚያው ዓመት የወጣው ሌላው ጥናት ከ152 ውሾች ቤት የተሰበሰቡ ከ260,000 በላይ የቁልፍ መጫን መዝገቦችን ተመልክቶ፣ ሁለት ቁልፎችን አከታትለው ሲጫኑ እንዲያው በዘፈቀደ እንዳልሆነ ደምድሟል። መዝገቡን የሞሉት ባለቤቶቹ ራሳቸው ስለሆኑ እኔ ይበልጥ የምተማመነው በመጀመሪያው ሙከራ ነው። ውሻ የትኛው ቃል ምን እንደሚያስከትል ይለያል፤ ሰው እንደሚናገረው ዓረፍተ ነገር ይመሠርታል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ ውሻዬ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ሌሊት ግቢ ለመጠበቅ ይፈታል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ሌሊቱን ጅብ ሲያባርር ያደረ ውሻ ቀን እንቅልፉን እንጂ ትምህርትዎን አይፈልግምና ከመፈታቱ በፊት ያለውን የማታ ሰዓት ይምረጡ። የመጀመሪያው ቃል ውሻው አጥብቆ የሚፈልገውና እርስዎም በየዕለቱ ደጋግመው ሊፈጽሙለት የሚችሉት ይሁን፤ ለእርስዎ ውሻ «ልፈታ» ወይም «ውጪ» የሚለው ይስማማል። በ«ምግብ» ባይጀምሩ እመርጣለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ሲጫነው ይውላል፣ እርስዎም እምቢ ማለት ሲጀምሩ ቃሉ ትርጉሙን ያጣል። ቁልፉን ሰንሰለቱ በሚደርስበት ቦታ ያስቀምጡ፤ ሊፈቱት ሲሉ ቃሉን በአፍዎ ይናገሩ፣ ቁልፉን ራስዎ ይጫኑ፣ ወዲያው ይፍቱት። ይህ ብዙ ጊዜ መደጋገም አለበት። እግሩን ይዘው አያስጫኑት፤ እጅዎን መፍራት ይማራል እንጂ ቃሉን አይማርም። ቁልፉን አተኩሮ ማየት ሲጀምር ጥቂት ሰከንድ ዝም ብለው ይጠብቁት። በስሕተት ረግጦት እንኳ ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቃሉን ይፈጽሙለት፤ «አሁን አይሆንም» የሚባለው ቃሉ ከጸና በኋላ ነው። ዋናው ችግር ብዙውን ጊዜ ከውሻው ሳይሆን ከቤተሰቡ ይመጣል፤ አባወራው ሲፈታው ልጆቹና ዘበኛው ዝም የሚሉት ከሆነ ቁልፉ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ ቤታችን አማርኛም ኦሮምኛም ይነገራል። በየትኛው ልቅዳ?

መልስ፦ ውሻውን በየዕለቱ በሚያናግሩበት። ለአንድ ነገር አንድ ቃል ብቻ ይያዙ።

ጥያቄ (ከሱሉልታ)፦ ቁልፉን ገበያ ላይ አላገኘሁም። ሌላ አማራጭ አለ?

መልስ፦ በር ላይ በገመድ የተንጠለጠለ ቃጭል ለ«ውጪ» ይበቃል፤ ውሻው በአፍንጫው ገፋ አድርጎ ያቃጭለዋል። ቁልፍ ካገኙም ዝናብና ጭቃ ስለሚያበላሸው በረንዳ ላይ እንጂ ሜዳ ላይ አይተዉት።

ጥያቄ (ከአያት)፦ ድመት ትማራለች? የእኔዋ «ውሃ» እና «ፍቅር»ን አከታትላ ተጫነች፤ ምን ማለቷ ነው?

መልስ፦ ትማራለች፤ ድመቶች ስማቸውን ከሌሎች ቃላት እንደሚለዩ በጃፓን የተደረገና በ2019 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ለእርሷ ግን በቀላሉ የሚጫን ቁልፍ ይምረጡ። ስለ ሁለቱ ቃላት ከተጠየቅሁ፣ «ፍቅር» ለድመት በምን እንደሚታይ ካልወሰኑ ቁልፉን ባያስቀምጡት ይሻላል፤ ትርጉሙን የሚሰጡት እርስዎ ይሆናሉና። በበርሊን «ብልሁ ሃንስ» የተባለው ፈረስ ሒሳብ ያሰላል ተብሎ ሲደነቅ፣ ኦስካር ፕፉንግስት በ1907 የጠያቂዎቹን ሳያውቁት የሚያደርጉትን የፊትና የራስ እንቅስቃሴ እያየ እንደሚመልስ ደረሰበት። ስለዚህ ስልክዎን ቪዲዮ ላይ አድርገው ከክፍሉ ይውጡና እርስዎ በሌሉበት ምን እንደምትጫን ይመልከቱ።

ጥያቄ (ከሰበታ፣ በድጋሚ)፦ «አመመኝ» የሚል ቁልፍ ብጨምርስ?

መልስ፦ በሽታን እንደ በር ከፍተው ሊያሳዩት ስለማይችሉ ከቃላት ሁሉ አስቸጋሪው ይህ ነው። መብላት ካቆመ፣ ካነከሰ ወይም ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ ቁልፉን እስኪጫን አይጠብቁ፤ የእንስሳት ሐኪም ያሳዩት።