የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ያገለገለ ሴዳን ቀለሙ የተጎዳው ከላይ ነው ወይስ ከሥር?

ጥያቄ፦ ልገዛው ያሰብኩት መካከለኛ ሴዳን አሥራ ሁለት ዓመት ያገለገለ ሲሆን፣ ሞተሩ ደኅና እንደሆነ መካኒክ አይቶ ነግሮኛል። ነገር ግን ኮፈኑና ጣሪያው ላይ ነጣ ነጣ ያሉ፣ ዳር ዳራቸው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የተነሣ ሰፋፊ ቦታዎች አሉ። ሻጩ «አንድ ጊዜ በፖሊሽ ከተወለወለ አዲስ ይመስላል» ይለኛል። ልመነው?

መልስ፦ በዚህ ነገር አይመኑት። ሰውየው ሊያታልልዎ ፈልጎ ላይሆን ይችላል፤ ሁለት የተለያዩ ጉዳቶችን እንደ አንድ የሚቆጥር ሰው ብዙ ነው። ከፋብሪካ የወጣ መኪና ቀለም አንድ ሽፋን ብቻ አይደለም። ከላሜራው ቀጥሎ በኤሌክትሪክ ኃይል እንዲጣበቅ የተደረገ ፀረ-ዝገት ሽፋን አለ፤ በእሱ ላይ የመሠረት ቀለም፣ ከዚያ መኪናውን ቀይ ወይም ብርማ የሚያሰኘው ዋናው ቀለም፣ በስተመጨረሻም መልክ የሌለው ግልጽ ቫርኒሽ ይደረባል። አራቱ ተደምረው ውፍረታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ ይህም ሁለት የሰው ፀጉሮች ቢደራረቡ ከሚኖራቸው ውፍረት ብዙም አይርቅም። ከዚህ ውስጥ የቫርኒሹ ድርሻ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ያህል ሲሆን፣ ፀሐዩንም ዝናቡንም የወፍ ኩሱንም በቅድሚያ የሚቀበለው እሱ ነው።

የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ይህን ቫርኒሽ ዓመት በዓመት ይበላዋል። በመጀመሪያ ላዩ ይሞትና ይደበዝዛል፤ በዚህ ደረጃ ፖሊሽ ይሠራል፣ ምክንያቱም ፖሊሽ ማለት የሞተውን ስስ ገጽ ሞርዶ ከሥሩ ያለውን ጤነኛ ቫርኒሽ ማውጣት ነውና። ጉዳቱ ሲብስ ግን ቫርኒሹ ከቀለሙ ጋር የነበረውን መያያዝ ያጣና መላጥ ይጀምራል። የሌለ ቫርኒሽ ተሞርዶ አይመለስም፤ እንዲያውም የፖሊሹ ማሽን የተነሣውን ጠርዝ እየያዘ ልጣጩን ያሰፋዋል።

ሁለቱን ለመለየት እርጥብ ጨርቅ ይበቃል። ደብዛዛው ቦታ ሲርስ መልኩ ተመልሶ ከጎረቤቱ ጋር ከተመሳሰለና ሲደርቅ ብቻ እንደገና ከደበዘዘ፣ ፖሊሽ ተስፋ አለው። ውኃ ፈስሶበትም ጠርዙ እንደ ካርታ ድንበር ቁልጭ ብሎ ከታየና ጥፍርዎ ከተያዘበት ግን ተላጧል ማለት ነው። እርስዎ የገለጹት ሁለተኛውን ነው። ሕክምናውም የሚሆነው ኮፈኑንና ጣሪያውን ሙሉ በሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ቀለሙንም ቫርኒሹንም እንደ አዲስ መቀባት ነው። የተላጠውን ቦታ ብቻ ቫርኒሽ የሚረጩ አሉ፤ ከጎኑ ያለው አሮጌ ቫርኒሽ መነሣቱን ስለማያቆም አዲሱም አብሮት ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ በዚህ ምክንያት መኪናውን ይተዉት አልልም። ጉዳቱ ከላይ የመጣ ነው፤ ወደ ሰማይ የሚያዩት ኮፈንና ጣሪያ ተላጠው በሮቹ ደኅና መሆናቸውም ይህንኑ ይመሰክራል። ላሜራው ስላልተነካ የሁለቱን ቅብ ወጪ ከዋጋው ላይ አስቀንሰው ይግዙት። አንድ ነገር ብቻ ያጣሩ፦ መኪናው ነጭ ከሆነና ቀለሙ በትልልቅ ቅርፊት ተነሥቶ ባዶ ብረት ከታየ ነገሩ ይለያል። በአንዳንድ ነጭ ቀለሞች ጨረሩ ዋናውን ቀለም አልፎ የታችኛውን ሽፋን መያያዝ ያላላል፤ ያን ጊዜ የሚወርደው ሁሉም ሽፋን ነው። እንዲህ ላለው ጉድለት የተራዘመ ዋስትና የሰጡ አምራቾች ስላሉ፣ በሻንሲ ቁጥሩ ወኪሉን መጠየቅ አይከፋም።

ጥያቄ፦ ሌላው ሁሉ እንደ መስታወት የሚያበራ ሴዳን አግኝቼ፣ ከኋላ ጎማው በላይ ባለው ቅስት ላይ ምስር የሚያካክሉ ሦስት እባጮች አየሁ። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ግዢ ሊያስቀር ይገባል?

መልስ፦ እኔ ብሆን የላይኛው ጠያቂ የገለጹትን የተላጠ መኪና ከዚህ አስበልጬ እገዛለሁ። የእርስዎ ጉዳት የመጣው ከሥር ነው። ብረት ሲዝግ ከቀድሞው በርካታ እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ፣ ከቀለሙ ሥር ሆኖ ወደ ውጭ እየገፋ ያሳብጠዋል። የጎማው ቅስት ጠርዝ ሁለት ላሜራዎች ተጣጥፈው የተገናኙበት ስለሆነ፣ ጎማው የሚረጨው ጭቃ ከውስጥ በኩል እዚያ ይከማችና እርጥበቱን ለወራት ይዞ ይቆያል። እባጩ ከውጭ በሚታይበት ጊዜ ዝገቱ ውስጥ ለውስጥ ብዙ ሠርቷል።

ጠጠር መትቶት የዛገ ቦታ እንዲህ አይመስልም። እሱ መሐሉ የተሰበረ፣ ቡናማ ነጥብ ያለውና ዝገቱ ከነጥቡ ወደ ዙሪያው የሚሄድ ነው። ቆዳው ሳይሰበር ያበጠ ቀለም ግን ምንጩ ከውስጥ ነው። በሰፊ ቦታ ላይ የተበተኑ፣ የመርፌ ራስ የሚያካክሉ እኩል እኩል እባጮች ካዩ ደግሞ ዝገት ላይሆኑ ይችላሉ፤ እርጥበት ወይም ቅባት ባልጸዳበት ገጽ ላይ እንደገና የተቀባ መኪና እንዲህ ያወጣል።

አንድ ጊዜ በእጄ ያለፈ ብርማ ሴዳን በግራው የኋላ በር ታችኛ ጠርዝ አንዲት እባጭ ብቻ ነበረችው። በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርጋት እንደ ደረቅ ቅጠል ኮሽ ብላ ወደ ውስጥ ገባችና በስንጥቋ ቡናማ ውኃ ጠብ አለ። በሩን ከፍቼ ከሥሩ ያለውን፣ እርሳስ እንኳ በቅጡ የማያስገባ የውኃ መውረጃ ቀዳዳ በሽቦ ስጠነቁለው፣ በመጀመሪያ ጭቃ፣ ቀጥሎ የበሰበሰ ቅጠል፣ ከዚያም አንድ ብርጭቆ የሚሞላ ውኃ ወጣ። በመስኮት ጎማው በኩል ወደ በሩ ሆድ የሚገባ ውኃ መውጣት ያለበት በዚያች ቀዳዳ ነበር። የበሩ የታች ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር አልቆ ነበር፤ ከውጭ የሚታየው ግን ያቺው አንዲት እባጭ ናት።

ስለዚህ ከእባጮቹ ሳይሆን ከመኪናው ሥር ይጀምሩ። በሮቹን ከፍተው የእያንዳንዱን ታችኛ ጠርዝ በጣትዎ ይዳስሱ፤ ከኋላ የዕቃ መጫኛውን ምንጣፍ ገልጠው የትርፍ ጎማው ጉድጓድ ውኃ ይዞ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ጣሪያው የሚከፈት መስኮት ካለው ከማዕዘኖቹ የሚወርዱት ቱቦዎች ሲደፈኑ ውኃው የሚሄደው ወደ ወለሉ ምንጣፍ ስለሆነ ምንጣፉ እርጥብ ወይም ሻጋታ ሻጋታ የሚሸት መሆኑን ያጣሩ። ከሁሉ በላይ ግን ከበሮቹ ሥር ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጋውን ደፍ ይፈትሹ። የዛሬ ሴዳን እንደ ጭነት መኪና የተለየ ሻንሲ የለውም፤ ቦዲው ራሱ ሻንሲ ነው፣ ደፉም የዚያ አጥንት አንዱ ክፍል ነው። ክሪክ የሚገባበት ቦታ ከተሰረጎደ ወይም በጠመንጃ መፍቻ እጀታ ሲመታ ጤነኛ ላሜራ እንደሚጮኸው ከመጮህ ይልቅ ድም ድም ካለ፣ የመልክ ነገር አበቃና የደኅንነት ነገር ተጀመረ። በአሮጌ መኪና ሥር አዲስ የተቀባ ጥቁር ሬንጅ መሰል ሽፋን ማየትም ሊያስደስትዎ አይገባም፤ ምን ሊሸፍን እንደተቀባ ይጠይቁ።

ደፉና ወለሉ ጤነኛ ሆነው ቅስቱ ብቻ ከዛገ ይታከማል። ሕክምናው ግን የዛገውን ላሜራ ቆርጦ አዲስ መበየድና ከውስጥ በኩል ፀረ-ዝገት ሰም መርጨት እንጂ፣ ፍቆ ስቱኮ (ጉድጓድ መሙያ ልጥፍ) ሞልቶ መቀባት አይደለም። ስቱኮ እርጥበት ይመጥጣል፤ እባጩም ብዙ ሳይቆይ እዚያው ቦታ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ እኔና ታላቅ እህቴ አንድ ሴዳን አይተን ተከራከርን። የፊት ፓራውልቱ (የግጭት መከላከያው) መልክ ከፓራፋንጎው (ከፊት ጎማው በላይ ካለው ላሜራ) በጥቂቱ ይለያል። እህቴ «ተጋጭቷል፣ ይቅርብን» ትላለች፤ እኔ የፋብሪካ ነው እላለሁ። ማናችን ልክ ነን?

መልስ፦ ባቀረባችሁት ማስረጃ ሁለታችሁም መፍረድ አትችሉም። ፓራውልት ፕላስቲክ ስለሆነ በብዙ ፋብሪካዎች ከቦዲው ተለይቶ ይቀባል፣ ብረቱ የሚችለውን ሙቀት ስለማይችልም በዝቅተኛ ሙቀት ይደርቃል። በተለይ ብርማና ግራጫ መልኮች ውስጥ ያሉት የአሉሚኒየም ቅንጣቶች በሁለቱ ላይ አንድ ዓይነት አይተኙም፤ ስለዚህ ምንም ያልነካው አዲስ መኪና እንኳ ከአንድ አቅጣጫ ሲታይ ፓራውልቱ ጠቆር ሊል ይችላል። ፓራውልትን ከብረት ጋር ሳይሆን ብረትን ከብረት ጋር ያነጻጽሩ፦ ፓራፋንጎውን ከፊት በር፣ የፊት በሩን ከኋላ በር፣ ግራውን ከቀኝ።

የቀለም ውፍረት መለኪያ የሚያውሳችሁ ካገኛችሁ ክርክሩ በሩብ ሰዓት ያልቃል። እምብዛም የማይጠገነውን ጣሪያ መነሻ አድርጋችሁ በየላሜራው አምስት አምስት ቦታ ለኩ። ዙሪያው ሁሉ 120 ማይክሮን ገደማ ሆኖ አንዱ በር እኩል 250 ቢል ያ በር እንደገና ተቀብቷል ማለት ነው፤ ከ500 አልፎ ወደ 1,000 እና ከዚያ በላይ የሚዘል ከሆነ ደግሞ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ። ርካሹ መለኪያ የሚያነበው ብረት ብቻ በመሆኑ የአንዳንድ መኪኖች አሉሚኒየም ኮፈን ላይ ዝም ቢል አትደናገጡ። መለኪያ ከሌለ በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ደካማ ማግኔት ወፍራም ስቱኮን ያጋልጣል፤ ቀጭን ድጋሚ ቅብን ግን አያውቅም።

ከመለኪያው ይልቅ እኔ የማምነው ብሎኖቹን ነው። ኮፈኑን ከፍታችሁ ማጠፊያውንና ፓራፋንጎውን የያዙትን ብሎኖች ተመልከቱ። በአብዛኞቹ መኪኖች ከቦዲው ጋር አብረው ስለሚቀቡ ማዕዘናቸው ላይ ቀለሙ ከተላጠ ቁልፍ ነክቷቸዋል። በላሜራዎቹ መካከል ያለው ክፍተት በአንድ በኩል 4 ሚሊሜትር፣ በሌላው 7 መሆኑም፣ በበር ጎማ ላይ የተረጨ የቀለም ብናኝ መገኘቱም ተጨማሪ ምስክር ነው።

እንደገና መቀባት ብቻውን ወንጀል እንዳልሆነ ግን ለእህትዎ ይንገሩልኝ። በመኪና ማቆሚያ የተጫረ በር በደኅና ፎርኖ ቤት (ቀለሙን በሙቀት በሚያደርቅ ጋራዥ) ተቀብቶ ከሆነ መኪናው ምንም አልጎደለበትም። ብሎኖቹ ተነክተው፣ ኮፈኑ ሥር ራዲያተሩን የያዘው ብረት ወይም ከሞተሩ ግራና ቀኝ የተዘረጉት ወፋፍራም ብረቶች ተሸብሽበው ወይም አዲስ ቀለም ተቀብተው ካገኛችሁ ግን እህትዎ ልክ ናቸው፤ ጥለውት ይሂዱ።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ሴዳን የፊት መብራቶች ቢጫ ሆነዋል፣ የኮፈኑም አፍንጫ በጠጠር ተነቃቅሏል። የትኛውን ላስቀድም?

መልስ፦ ጠጠሩን። ብረቱ የታየባቸውን ነጥቦች አጽድተው፣ ዝገት ከጀመረም ፍቀው፣ በመኪናው የቀለም ኮድ በተዘጋጀ ቀለም በቀጭን ብሩሽ ይሙሏቸው፤ ኮዱ ብዙ ጊዜ በበሩ ምሰሶ ወይም በኮፈኑ ሥር ባለው ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። ከቅርብ ሲታይ ነጥቡ ያስታውቃል፣ ዝገቱ ግን ይቆማል። መብራቱ የፖሊካርቦኔት ፕላስቲክ ስለሆነ ቢጫ ያደረገው ከላዩ የነበረው መከላከያ በጨረር መበላቱ ነው። ከ800 ጀምሮ እስከ 3000 ቁጥር ባለው የብርጭቆ ወረቀት በውኃ እየፈቁ አለስልሰው ፖሊሽ ቢያደርጉት ይጠራል። ፍቀው ሲጨርሱ ጨረር የሚከላከል ቫርኒሽ ካልረጩበት ግን የቀረውን መከላከያ ራስዎ አንሥተውለታልና ከበፊቱ ፈጥኖ ቢጫ ይሆናል።